ሁለቴ የገለበጥኩት ሰሌዳ

ከተማው ስለ ቀኝ እጄ ማውራት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሬዲዮ ላይ ስለ እጄ ይከራከራሉ፤ ታክሲ ውስጥ ስለ እጄ ይሰዳደባሉ፤ ፀጉር ቤት ስገባ ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ ጥፍሬን አገላብጣ አይታ «ይቺ እጅ ናት?» ብላ ትስቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ግን ያን ያህል አልታደለም፣ ሁሉንም ሰማ። እውነቱን ልናገርና እጄ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ዓይኔ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ስታዲየም ሄጄ ለሯጮች የዙር ሰሌዳ እገለብጣለሁ። ሥራው ለልጅ የሚሰጥ ዓይነት ነው። አሥር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው፤ መሪው በፊቴ ባለፈ ቁጥር የቀረውን ዙር የሚያሳየውን ቁጥር አንድ ዝቅ አደርጋለሁ፤ አንድ ዙር ሲቀር ደወል እደውላለሁ፤ አለቀ። ሥራውን ያመጡልኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዙር ዳኞች ኃላፊ ሆነዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። «መዝገብ ያልጠፋባት ልጅ ዙር አይጠፋባትም» ብለው አስመዘገቡኝ። ምነው አፋቸውን በያዘው ኖሮ።

ዓይኔን ያሳተው እሱ ሯጭ ነው። የከተማው ጽዳት ሠራተኞች ክለብ ሯጭ። ሰማዩ ሳይገለጥ መጥረጊያውን ይዞ ይወጣል፣ የድርሻውን መንገድ ጠርጎ ሲጨርስ ጫማ ቀይሮ ይሮጣል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሮጥ አንድ ቀን እንኳ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም፤ አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ሲቀናው አራተኛ። ያወቅኩት በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። የእናቱ የአጥር ክርክር ፋይል ጠፍቶ ሰባት ወር ተመላለሰ። ሌላው ባለጉዳይ መስታወቱን ሲደበድብ እሱ ሰልፉን ጠብቆ ይመጣና «ዛሬስ?» ይለኛል፤ «ዛሬም» እለዋለሁ፤ አመስግኖ ይሄዳል። ፋይሉ የተገኘ ዕለት ሁለታችንም ከፋን። ከእንግዲህ ምን ብሎ ይመጣል? በማግስቱ ግን መስኮቱ ላይ ቆሟል። ምን ፈልገህ ነው ስለው፣ ፋይሉ ዳግመኛ አለመጥፋቱን ላረጋግጥ ብዬ ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የምንገናኘው የእኔ ሰው በማያልፍበት ቦታ ብቻ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ያም አልበቃው ብሎ የትልቁ ክለብ የቦርድ አባል ነው፤ እግር ኳሱም ሩጫውም ዋንጫውም ያለው ክለብ። እንዴት ብዬ «አባዬ፣ መንገድ የሚጠርግ ሰው ወደድኩ» እለዋለሁ? ለአባቴ እነግራለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ እለዋለሁ ሁልጊዜ። እሱም ይሰጠኛል። ሲሰጠኝ ሲሰጠኝ ሁለት ዓመት አለቀ።

አንድ ጠዋት ከአባቴ ጋር በመኪና ስንወጣ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ እሱ እየጠረገ ነበር። መኪናውን ሊያሳልፍ ወደ ጠርዝ ጠጋ አለና መጥረጊያውን ወደ ጎን ያዘ። አባቴ እጁን ከመሪው አንስቶ ሰላም አለው፤ አባቴ ላየው ሁሉ እጁን ያነሳል። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ የማይገኝ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ቀና ስል አልፈነዋል። ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

የዚያን እሁድ ሩጫው የተካሄደው ከትልቁ የኳስ ጨዋታ በፊት ነው። ስታዲየሙ ከጠዋት ጀምሮ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው የመጣው ለኳስ ነው፤ ሯጮቹ እስከዚያው ዓይን ማዋያ ናቸው። የትልቁ ክለብ ሦስት ልጆች ከፊት ተያይዘው ይነጉዳሉ፤ እሱ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ቀርቶ አምስተኛ ሆኖ ብቻውን ይሮጣል። ሰሌዳዬ ላይ አሥራ አምስት ነበር። መሪዎቹ ሲያልፉ ገለበጥኩና አሥራ አራት ሆነ። ልክ ያኔ ኳስ ተጫዋቾቹ ሊያሟሙቁ ብቅ አሉ፣ ስታዲየሙ ተናወጠ፣ ጋሼም እንደ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞሩ። እኔ አልዞርኩም። እሱ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ቀኝ ትከሻው ወርዷል፤ ትከሻው ሲወርድ ደክሞታል ማለት ነው። በሆዴ በርታ፣ በርታ አልኩት። በፊቴ ሲያልፍ ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ያችን አስተያየት ብቻ ነው።

ሰሌዳው አንድ ላይ ሲደርስ ደወሉን ደወልኩ። መሪው እንደ ጥይት ተፈተለከና መስመሩን አልፎ እጁን ወደ ሰማይ ሰደደ፤ ደጋፊዎቹም አጥሩን ዘለው ገቡ። ሁሉም ቆመ። እሱ መስመሩ ላይ ሲደርስ አንዱ ዳኛ አልቋል ብሎ ሊይዘው እጁን ዘረጋ። «አንድ ይቀራል» አለው። ዳኛው አልቋል እያለ ሲከራከር፣ ይቀራል ብሎ ጥሎት ሄደ። በየቀኑ የሚጠርጋቸው መንገዶች ሃያ አምስት ናቸው፤ ሲሮጥ በየዙሩ አንዱን መንገድ በሆዱ እየጠራ ነው የሚቆጥረው። የሐኪም ቤቱ መንገድ፣ የወፍጮው መንገድ፣ የብረት በሩ መንገድ እያለ ሄዶ የመጨረሻው መንገድ ገና አልተጠረገም። ብቻውን ሮጠ። ኳስ ተጫዋቾቹ የመሮጫው መም ላይ ቆመው ነበርና በመሀላቸው እየተሽሎከለከ አለፈ፤ አንድ ኳስ እግሩ ሥር ተንከባለለ፣ ዘለለው፤ ሠላሳ ሺህ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፈርኩለት። አሁንም ድረስ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው፣ ከሠላሳ ሺህ ሰው ሁሉ እኔ ለእሱ ማፈሬ።

ጋሼ የሰዓት መዝጋቢውን ወረቀት ሲያነብቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። የመሪው ሰዓት የተመዘገበበት መስመር ሃያ አራት ብቻ ነው። በጣታቸው ደግመው ቆጠሩ፤ ሃያ አራት። ሰሌዳው አንዴ በከንቱ ተገልብጧል ማለት ነው። በዚያ ቀን በዚያ ስታዲየም ውስጥ አሥር ሺህ ሜትር የሮጠ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ኳሱ አልቆ ሰው ሲበተን በድምፅ ማጉያው ስሙ በአሸናፊነት ተጠራ፤ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝና «አንደኛ ወጣሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገረም፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝምታውን ሰማሁ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ያለበት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ክለብ አቤት አለ፤ ማክሰኞ ጉድ ፈላ። የሬዲዮው የጠዋት ፕሮግራም ስለ ቧንቧ ውሃና ስለ መንገድ መብራት ማውራቱን ትቶ ሃያ አራት ወይስ ሃያ አምስት ሆነ ሥራው። ሰሌዳ ሕግ ነው፣ ሰሌዳው አለቀ ካለ አልቋል የሚል ጠበቃ ቀረበ። ሕግ ከተሳሳተ መሬቱ ያጥራል ወይ ብሎ አንድ ቀያሽ መለሰለት። አንዲት እናት ደውለው፣ እሱ ሃያ አምስት መንገድ እጠርጋለሁ ብሏል አሉ፣ የእኛ መንገድ ስንተኛው እንደሆነ ይንገረን፣ መጥረጊያ አይተን አናውቅም። በሚቀጥለው የኳስ ጨዋታ የትልቁ ክለብ ደጋፊ በአንድ ወገን «ሃያ አራት!» ይላል፣ ጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ወደ ላይ ይዘው በወዲያኛው ወገን «ሃያ አምስት!» ይላሉ፤ ሜዳው ላይ ማን እንዳገባ ያየ የለም። ስለ ፍትሕ ይኼን ያህል የሚቆረቆር ከተማ መሆናችንን አላውቅም ነበር። እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት የተኛ ፋይል አለ፣ ማንም ደውሎ አያውቅም። ጉንጭ አልፋ ክርክር ነው ብዬ እስቅ ነበር።

ሳቄን ያቆመው አንድ ደዋይ ነው። ስሙን አልተናገረም። የሰሌዳዋን ልጅና ጠራጊውን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አብረው አይቻቸዋለሁ፣ አንድ ሳይሆን ብዙ ቀን፣ አለ። አዘጋጁ ሳቀና ወደ ማስታወቂያ ገባ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ሬዲዮውን አጠፋሁት። በዚያው ቀን የማላውቀው ሰው ሁሉ ስልኬን ሲያንጫርር ዘጋሁት። እሱም ደውሎ እንደሆን አላውቅም። አባቴ ማታ ራት ላይ ጋዜጣውን አጥፎ፣ ማክሰኞ አቤቱታውን የሚያጣራው ኮሚቴ ይጠራሻል አሉ፣ አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ያ አለመጠየቁ ከጥያቄ ይልቅ ከበደኝ።

አርብ ጋሼ መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ከሯጭ ጋር የቅርብ ትውውቅ ያለው ዳኛ በዚያ ውድድር ላይ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። ትውውቅ ካለ ውጤቱ ይፈርሳል። ትውውቅ ከሌለ ግን የእኔ ስህተት ስህተት ብቻ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል፣ እሱ አሸናፊ ሆኖ ይቀራል። የደዋዩ ወሬ ወሬ ነው፤ ምስክር የለ፣ ፎቶግራፍ የለ።

«እና አንድ ቃል ናት» አሉኝ። «አላውቀውም ትያለሽ፣ ትወጫለሽ። ልጁ እንደሆነ ሃያ አምስቱን በእግሩ ሮጧል፤ ያንን ማንም አልሰጠውም። አንቺ ንጹሕ ልሁን ብለሽ የሰው ላብ አትድፊ፣ የኔ ልጅ።»

ጋሼ በሕይወታቸው አንድ ወረቀት ያለ ቦታው አስቀምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ዋሺ ሲሉኝ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ገባኝ።

ቅዳሜ ደብዳቤ መጣልኝ። የጽዳት ሠራተኞችን ብርቱካናማ የደንብ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት ሰልፍ ጠብቃ መስኮቱ ላይ ደረሰችና እንደ ማመልከቻ አድርጋ አቀበለችኝ። የእሱን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ አቤቱታውን አንብቤያለሁ።

«ማክሰኞ ትጠየቂያለሽ አሉ። አታውቂኝም በይ። አይከብድሽም፣ ለምደሽዋል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ልጄ አንደኛ ወጣ ብላለች። አጥሩ ከተወሰነላት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። እኔ ደግሞ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ደህና ሁኚ።»

ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። በጠዋት ሳነበው ልመና ነው፤ ድሉን አትንኪብኝ ማለቱ ነው። ከምሳ በኋላ ሳነበው ወቀሳ ነው፤ ለምደሽዋል የምትለዋ ቃል ከወረቀቱ ላይ ተነስታ ደረቴን ትወጋኛለች። መልስ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። የምትፈልገው የቱን ነው ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም ቀደድኩ። ሰው ለሚወደው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ በደብዳቤ አይጠይቅም። ድሉን ላስቀርለት ብዬ ብክደው፣ ሁለት ዓመት የፈራውን ነገር በሰው ፊት አረጋግጥለታለሁ። አውቀዋለሁ ካልኩ ደግሞ በሕይወቱ ያገኛትን አንዲት ነገር በገዛ አፌ እቀማዋለሁ። እሁድ ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ጣራ ሳይ ዋልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ መውደድ እንዲህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ዋንጫቸውን ይዘው የተነሱ የድሮ ሰዎች ፎቶግራፍ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን ሁሉ አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ያያሉ። አባቴ ከክለቡ ሰዎች ጋር ፊት ወንበር ላይ ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ተቀምጧል። እሱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ተተኩሶ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ስገባ አላየኝም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

ሰዓቱ፣ ወረቀቱ፣ ሃያ አራቱ መስመር ሁሉ ተነበበ። ሰሌዳውን የገለበጥኩት እኔ መሆኔን ተጠየቅኩ፤ አዎ አልኩ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አሉ። «ይኼን ሯጭ ከውድድር ውጭ ታውቂዋለሽ?»

ጋሼ ከጎን ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት። ቀና ቢል ኖሮ፣ በዓይኑ ጫፍ አንድ ነገር ቢነግረኝ ኖሮ የፈለገውን እል ነበር። አላለም። ተሸናፊ ሰው እንደሚያቀረቅር አቀርቅሯል፤ ቀኝ ትከሻው ወርዷል። ያችን ትከሻ አይቼ አላውቀውም ማለት አቃተኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ከየት ነው የምታውቂው?»

«እወደዋለሁ።»

ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ልጅ ብዕሩን አንስቶ ሰብሳቢዋን አየና ይጻፍ ወይ አለ። ሰብሳቢዋ ከመመለሳቸው በፊት እኔ ይጻፍ አልኩት። ጻፈ። ስሜ፣ ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ ያ ቃል። ሥራዬ መዝገብ ነው፤ የተጻፈ ነገር እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሰብሳቢዋ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ታዲያ እንዲያሸንፍ ብለሽ ነው የገለበጥሽው አሉኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ሰሌዳውን ስገለብጥ ልጠቅመው አላሰብኩም። እንኳን ልጠቅመው፣ መገልበጤንም አላወቅኩም። የምገለብጠው መሪ ሲያልፍ ነው። መሪዎቹ አለፉ፣ ገለበጥኩ። ከዚያ እሱ መጣ፣ አየሁት፣ አለፈ። እሱ ካለፈ ዙሩ ያለቀ መሰለኝና ደግሜ ገለበጥኩ። እኔ የዚያን ቀን ውድድር አልቆጠርኩም። እሱን ነበር የምቆጥረው።»

የትልቁ ክለብ ሰዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። አባቴ ፈገግ አላለም። ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛወረ፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። እኔ ግን የፈራሁት የአባቴን ዓይን አልነበረም። ከኋላዬ ወንበር ተገፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ማን እንደወጣ ዞሬ ሳላይ አወቅኩ።

ውሳኔው ለመውጣት አንድ ሰዓት አልፈጀም። ውጤቱ ተሰርዟል፤ አሸናፊ የለም። መሪው ሃያ አራት ነው የሮጠው፣ አይጸድቅለትም፤ እሱ ሃያ አምስት ሮጧል፣ ግን ቆጣሪዋ የእሱ ሰው ናት። እኔ ከእንግዲህ ሰሌዳ አልነካም። ሁለቱም ወገን አጉረመረመ፤ ጋሼ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሄዱ። ሬዲዮው ነገ ምን እንደሚል ገመትኩና ገና ሳይባል ሰለቸኝ።

የሄደ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። የሕንፃው መውጫ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈትቷል። ሁለት ደረጃ ከፍ ብዬ ቆምኩ። ውሳኔውን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ሰምቻለሁ አለኝ፤ ከውስጥ የወጡት ሰዎች እያወሩ በአጠገቡ አልፈዋል።

«ፈልጌው ነበር» አለ፣ ዞር ሳይል። «አልፈለገውም ነበር ብለሽ ራስሽን እንዳታጽናኚ። አሥራ አራት ዓመት ነው የፈለግኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ስትጠየቂ፣ አምላኬ አላውቀውም አስብላት ብዬ ለመንኩ። አፍሽን ስትከፍቺ ደግሞ እንዳትል አድርግልኝ ብዬ ለመንኩ። ሁለቱንም ከልቤ ነበር። የወጣሁት እንባዬ መጥቶብኝ ነው። የቱ እንባ እንደሆነ ግን እኔም አላወቅኩትም።»

ከበላያችን የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠረ ይወርዳል፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም። ሁለት ዓመት ስሸሸው የነበረው ሰዓት ደረሰ አልኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባዬ፣ እሱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አስተዋውቂኝ አላልኩሽም» አለኝ። ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ «ያ ጅማትህ እንዴት ሆነ?» አለው።

«ተሽሎኛል አባባ» አለ እሱ፣ ከመቀመጫው እየተነሳ። «የእርስዎ ጉልበትስ?»

«እንደ ባለቤቱ ነው፤ አርጅቷል።»

ክው ብዬ ቀረሁ። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። አባቴ ከዘራውን ደረጃው ላይ ተከለና ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ የሚናገር ይመስል ነገረኝ። ሐኪም በጠዋት ተራመድ ካለው ወዲህ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ መታጠፊያው ላይ እሱ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ትንሽ ያወራሉ። ስለ ሩጫ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ እናቱ አጥር። ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። እኔ ያን ጊዜ ተኝቻለሁ።

«አንድ ቀን የምወዳት ልጅ አለች አለኝ» አለ አባቴ። «ታፍርብኛለች አለኝ። የማን ልጅ ናት አላልኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።»

«ምን አልከው?» አልኩ።

«ተዋት አልኩት። የምታፍርብህ ሴት አትሆንህም፣ ተዋት፣ አንተ ከእሷ ትሻላለህ አልኩት። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ ነው ያልኩት።»

እሱ አንገቱን ደፋ። «አልሰማሁዎትም» አለ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ዓመት ችሎት የተቀመጠ ሰው ስለሆነ ሲናገር ቃል አያባክንም። እኔን ያየኝ ያኔ ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፣ ያገኘሁት ግን ድካም ብቻ ነው። «ዛሬ እውነት ተናግረሻል፣ ደግ አደረግሽ» አለኝ። «ግን ለእውነትሽ የከፈለው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብለሽ ብትናገሪው ኖሮ ማንም ምንም አይከፍልም ነበር።» ይህን ብሎ ቀሪውን ደረጃ ወረደ። መኪናው ጋ ሲደርስ የክለቡ ሾፌር በር ሊከፍትለት ቢሮጥ በእጁ መለሰውና በእግሩ ሄደ።

ያ ሁሉ ረጅም አጥር የእኔ ነበር ማለት ነው። ያጠርኩት እኔ፣ የጠበቅኩት እኔ። የአባቴን ኩራት ፈራሁ እያልኩ ሁለት ዓመት የተንከባከብኩት የራሴን ኩራት ነው። እፍረቱ ከእግሬ ጀምሮ እየወጣ ጉንጬን አቃጠለው፤ አለቀስኩ። በመንገድ ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ሰው አየኝ አላየኝ ማለት ያኔ ትዝ አላለኝም።

እሱ መልሶ ተቀመጠ። አላባበለኝም፤ እኔም እንዲያባብለኝ አልጠበቅኩም። እንባዬን በእጄ ጠርጌ አንድ ደረጃ ወረድኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

የክለቡ ሰዎች እየተሳሳቁ በሁለታችን መሀል አልፈው ሄዱ፤ አንዱ ዞሮ አየን።

«ዛሬ አልችልም» አለኝ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። «እሺ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ቤት ገብቼ ለእናቴ የምነግራት ነገር አለኝ። ደክሞኛል፤ ዛሬ ለይቅርታ የሚሆን ጉልበት አልተረፈኝም።»

«እሺ።»

«ነገ ጠይቂኝ።»

«ነገም እምቢ ብትለኝስ?»

«ከነገ ወዲያ ትጠይቂኛለሽ።»

ይህን ብሎ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ከሥራ የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ከመዝገብ ቤት የማውቃቸው ሁለት ሴቶች አልፈው ሄደው እንደገና ዞሩ፣ እኔም ዞሬ አየኋቸውና ካጠገቡ አልተነሳሁም። እጁን አልያዝኩትም፤ ገና አልተፈቀደልኝም። ትከሻችን ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፤ ሰው ነገ ጠይቂኝ ብሎኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅም።